የሜዳው ባለቤቶች፦ ከፕላንፓሌ እስከ አዋሽ አውራ ጎዳና

አውራ ጎዳና በተዘረጋበት አገር ሁሉ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ፣ ጫካና የግጦሽ መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መነሣት የሚገባው ቀያሹ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት ቢሆንም፣ በአብዛኛው የሚነሣው ግን አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ ነው። በዚህ ሐተታ የሁለት አገሮችን ታሪክ ጎን ለጎን አቀርባለሁ፤ አንደኛዪቱ ብዙዎቻችን በስደት የምንኖርባት ስዊዘርላንድ ስትሆን፣ ሁለተኛዪቱ የራሳችን አገር ናት። የሐተታው ዓላማ ሀብታምን አገር ከድኻ አገር ጋር ማወዳደር አለመሆኑን ከወዲሁ ላመልክት። ለማስረዳት የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በመንገድ ዳር ያለ ገላጣ መሬት ተጠብቆ የሚቈየው ውበቱ ስለ ተደነቀ ወይም አዋጅ ስለ ታወጀለት ሳይሆን፣ «የእኔ ነው» የሚል፣ ሲነካበትም በሕግ ፊት ቆሞ ሊከራከርለት የሚችል ሰው ሲኖረው መሆኑን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጄኔቭ የኖረ ወይም ያለፈ ኢትዮጵያዊ የፕላንፓሌን ሜዳ ሳያይ አይቀርም። ስምንት ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ፣ ትራምና አውቶቡስ የሚዞሩት፣ በከተማዪቱ እምብርት የተዘረጋ ገላጣ ሥፍራ ነው። ቀድሞ በሮንና በአርቭ ወንዞች መካከል የተኛ ረግረግ ነበር። ከከተማው ቅጥር ውጭ ስለ ነበረም ከብት ይሰማራበት ነበር፤ ኋላ ወታደር ተሰለፈበት፣ ገበያ ቆመበት፣ በ1896 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ተከፈተበት። ከ1849 ጀምሮ የከተማው ቅጥር ሲፈርስና ጄኔቭ በየአቅጣጫው ስትስፋፋ፣ በዙሪያው የነበረው መሬት ሁሉ ቤት ተሠራበት። ፕላንፓሌ ራሱን የቻለ ኮሙን መሆኑ ቀርቶ በ1931 ከጄኔቭ ከተማ ጋር ተቀላቀለ። ሜዳው ግን ሜዳ ሆኖ ቀረ። የቀረበትንም ምክንያት የፈለገ ሰው የሚያገኘው በሥነ ውበት መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። ከብት ነጂው፣ ሚሊሻው፣ ነጋዴው፣ የሰርከስ ድንኳን ተካዩ፣ አሮጌ ዕቃ ሻጩ፣ እያንዳንዱ በተራው የተጠቀመበትና ቢወሰድበት የሚጮኽለት ሜዳ ስለ ነበረ ነው። ከእነዚህ አንዱም «ተፈጥሮን እጠብቃለሁ» ብሎ አልተነሣም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ንግግራቸውን ያደረጉት ዛሬ ጎብኚ በሚጎርፍበት በታላቁ የመንግሥታቱ ሕንፃ ውስጥ ይመስለናል። የዚያ ሕንፃ የጉባኤ አዳራሽ ግን ገና አላለቀም ነበር። ጉባኤው የተሰበሰበው ከፕላንፓሌ ሜዳ ብዙ በማይርቀው በአሮጌው የምርጫ አዳራሽ ነበር፤ አዳራሹ በ1964 ተቃጥሎ ዛሬ በቦታው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ቆሟል። መሬታችን ያለ እኛ ፈቃድ ሲከፋፈል የጮኽንበት ሥፍራ፣ አንድ የከብት ሜዳ እንኳን ያለ ሕዝብ ፈቃድ በማይታረስበት ሰፈር ጥግ መሆኑ ለታሪክ ተማሪ የሚያስገርም ነገር ነው።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ስዊዞች የአውራ ጎዳና ግንባታን ለፌዴራሉ መንግሥት በሕገ መንግሥት የሰጡት በ1958 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሲሆን፣ የብሔራዊ መንገዶች ሕግና የመንገዶቹ መረብ በ1960 ጸደቁ። ጄኔቭን ከሎዛን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በ1964 ለሎዛኑ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ተብሎ ተከፈተ። የዘመኑ ሰው በመንገዱ እጅግ ኰርቶ ነበር። በሌማን ሐይቅ ዳርቻ የነበረው የእርሻና የወይን መሬት በአስፋልት ሲከፈል ተቃውሞው ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ስዊዘርላንድ ከጥንት ጀምሮ መልክዐ ምድሯን ስትጠብቅ የኖረች አገር ናት የሚለው አባባል፣ በከፊል ለጎብኚ የሚነገር ተረት ነው። በደን ረገድ እውነትነት አለው፤ በ1876 የወጣው የደን ሕግ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ያስከተለውን ጥፋት አይቶ የወጣ ነበርና። ሜዳውና እርሻው ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አልነበራቸውም።

ለውጡ የመጣው መንገዱ ራሱ ያስነሣው ድንጋጤ ከሕግ ጋር ሲገናኝ ነው። በ1962 የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ፤ በ1966 ዝርዝር ሕጉ ወጣ። በዚህ ሕግ ውስጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 12 ነው። ይህ አንቀጽ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠሩ የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ ማኅበራትና ኮሙኖች በመንግሥት ውሳኔ ላይ ይግባኝ እንዲሉ መብት ይሰጣል። ቀድሞ ይግባኝ የሚለው ጎረቤቱ ወይም መሬቱ የተወሰደበት ሰው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መናገር ለማይችለው ሸለቆና ረግረግ የሚናገርለት ተገኘ። ሕጉ ዛፍ አልተከለም፤ ፍርድ ቤት የሚገባውን ሰው ቍጥር ግን አበዛ።

ከሎዛን በስተ ምሥራቅ ያለው የላቮ ወይን ተራራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እርከኖቹን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ መነኰሳትና ገበሬዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ የሠሯቸው ስለ ሆኑ፣ «ተፈጥሮ» ለመባል እንኳ ያጠያይቃሉ። አውራ ጎዳናው በ1974 ከተራራው በላይ ሲከፈት፣ ከከተማ በደቂቃዎች የሚደረስበት ዳገት ሁሉ የቪላ መሥሪያ ለመሆን ተዘጋጀ። በ1977 ፍራንዝ ቬበር የተባለው የጥበቃ ታጋይ ያስነሣው ሐሳብ ለቮ ካንቶን ሕዝብ ቀርቦ ድምፅ አገኘ፤ የላቮ ጥበቃም ካንቶኑ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጻፈ። በ2005 ሕዝቡ ውሳኔውን አጸና። የዩኔስኮ መዝገብ የመጣው በ2007 ነው፤ ማለትም ከሠላሳ ዓመት በኋላ። በእኛ አገር ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

ሕዝቡ ሁልጊዜ ለጥበቃ ይቆማል ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያው የመሬት አጠቃቀም ሕግ በ1976 በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ፤ ገበሬውና የቤት ባለቤቱ በንብረታችን ምን አገባችሁ አሉ። የተሻሻለው ሕግ በ1979 ጸድቆ በ1980 ሥራ ላይ ዋለ። የእርሻ ቀጠናን ከሕንፃ ቀጠና የሚለየው፣ ዛሬ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በባቡር ስንጓዝ በከተሞቹ መካከል የምናየውን አረንጓዴ ያቈየው፣ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ሁለተኛ የተጻፈው ይኸው ሕግ ነው።

ዙሪክ ሌላ ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ የነበሩ መሐንዲሶች ሦስት አውራ ጎዳናዎችን እስከ ከተማው መሐል አምጥተው በወንዞቹ መገናኛ አጠገብ ለማገናኘት አቅደው ነበር፤ በቅርጹ ምክንያት «ኢፕሲሎን» ተባለ። ለብዙ ዓመታት ተከራከሩበት፤ ሙሉው ዕቅድ አልተፈጸመም። ከዕቅዱ የተረፈው በዚል ወንዝ ላይ በምሰሶ ቆሞ መሐል ከተማ ሳይደርስ የሚቀረው መንገድ ነው። በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በሽቫሜንዲንገን ሰፈር ደግሞ አውራ ጎዳናው የሠራተኛውን መኖሪያ ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ፤ በቀን ከ100,000 በላይ ተሽከርካሪ በመኝታ ቤት መስኮት ሥር ይተላለፍ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው መንገዱ ይሸፈን አሉ። ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የመንገድ ክፍል በኮንክሪት ተከድኖ፣ በላዩ የተተከለው መናፈሻ በ2025 ለሕዝብ ተከፈተ። ወጪው እጅግ ብዙ ነው፤ አስቀድሞ የሰፈሩ ሰዎች ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሳይቀንስ አይቀርም ነበር።

በኅዳር 2024 የፌዴራሉ መንግሥት ስድስት የአውራ ጎዳና ክፍሎችን ለማስፋት ወደ 5 ቢሊዮን ፍራንክ የሚጠጋ ዕቅድ አቀረበ፤ ከእነዚህ አንዱ ከቫንጅሮን እስከ ኒዮን ያለው የጄኔቭ መውጫ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ እንደ ሌላው ዜጋ ሁሉ የድምፅ መስጫው ፖስታ ለእኔም ደረሰኝ። ተወልጄ ባደግሁበት አገር ስለ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ተጠይቄ የማላውቅ ሰው፣ በስደት አገሬ ስለ አንድ ተጨማሪ መስመር ፈቃዴ ተጠየቀ። ዕቅዱ በ52.7 በመቶ ተቃውሞ ወደቀ። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ ለሚለው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ በየማለዳው በዚያ መንገድ ላይ ቆሞ የሚውለው አሽከርካሪ የራሱ መልስ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ፖስታው ነው።

ከዙሪክ ወደ አዋሽ የሚያሻግረን ሰው ሩቅ አይደለም። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ሸዋ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ ሆነ፤ የባቡሩንም ውል በ1894 ያገኘ እርሱ ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በአዋሽ ሸለቆ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ይዘው የሚዘዋወሩበትን ሜዳ አቋርጦ ያለፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ መሥመር ይህ ነው። የመኪናው አውራ ጎዳና ተከተለው። ኢልግ ባቡሩን ሲያቅድ በሜዳው የሚኖሩትን ማን እንደ ጠየቃቸው የሚናገር ሰነድ አላየሁም፤ በዘመኑ በአውሮፓም ቢሆን ብዙ አይጠየቅም ነበር።

የከፋው ግን ከመንገዱ በኋላ የመጣው ነው። በ1963 በጁልያን ሐክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዱር አራዊት መጠበቂያ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተመሠረተ፤ በሕግ የታወጀው በ1969 ነው። 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይህን ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውራ ጎዳና ለሁለት ይከፍለዋል፤ በስተ ደቡብ ሳላ የሚግጥበት የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ በስተ ሰሜን የፈንታሌ እሳተ ገሞራና የፍል ውኃው ሸለቆ። የሜዳውን ስም ልብ ይሏል። በኦሮምኛ የሳላ መመልከቻ እንደ ማለት ነው። አንድን ሥፍራ አውሬው በሚታይበት ነገር የሚሰይም ሕዝብ ከአውሬው ጋር አብሮ የኖረ ሕዝብ ነው፤ አውሬውን ሊጠብቅ የመጣው መንግሥት ግን የመጀመሪያ ሥራው ስም አውጪውን ከሜዳው ማስወጣት ሆነ። በዚያው ዘመን ከፓርኩ አጠገብ የሆላንዱ የኤች ቪ ኤ ኩባንያ የመተሐራን ሸንኮራ ተከለ። ከረዩ በአንድ ወገን በሸንኮራ፣ በሌላው ወገን በፓርክ ተያዘና በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበትን የአዋሽ ዳርቻ አጣ። ፓርኩን እንደ ጠላት ቢቈጥረው ምን ይደንቃል?

የበሰቃ ሐይቅ ነገር ደግሞ ለብቻው ጥናት የሚያሻው ነው። በመተሐራ አጠገብ በ1960ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ40 አለፈ። ከመስኖ የሚሠርግ ውኃ ነው የሚሉ አሉ፤ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ሳይኖሩበት አይቀርም። ውኃው የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ ባቡሩንና አውራ ጎዳናውን አስጨነቀ። መንገዱ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። የተዋጠው ግጦሽ ግን ምትክ አላገኘም። መንገድ ሲጐዳ መሐንዲስ ይመጣል፤ ሜዳ ሲጐዳ የሚመጣ የለም።

በ1991 መንግሥት ሲለወጥና ጠባቂው ሲበተን፣ በብዙዎቹ ፓርኮቻችን የጥበቃ ሰፈሮች ተዘረፉ፣ አራዊት ተገደሉ፣ ከብት ወደ ውስጥ ገባ። በስደት ያለን ምሁራን ይህን ስንሰማ «ሕዝቡ ተፈጥሮን አያውቅም» ያልን ብዙዎች ነን። ይህ ፍርድ ከታሪክ ጋር አይስማማም። ሕዝቡ ያፈረሰው በጠመንጃ የተጠበቀበትን አጥር ነው፤ ጠመንጃው ሲሄድ ለአጥሩ የሚከራከር አንድ ጎረቤት አልተገኘም።

የስሜን ተራሮች ታሪክም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ በዚህ ግን የዙሪክና የበርን ሰዎች እጅ አለበት። የዙሪኩ በርንሃርድ ኒቨርገልት ስለ ዋልያ ያጠናው፣ የበርኑ ሐንስ ሁርኒ ከ1975 እስከ 1977 በፓርኩ ኃላፊነት ሠርቶ ስለ አፈር መሸርሸር የጻፈው፣ እስከ ዛሬ ለተመራማሪ መነሻ ነው። ስሜን በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ነበር። በ2017 ከመዝገቡ ሲወጣ፣ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ መሠራቱና በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ተቈጥሮለታል። ስለ መንገዱ መዛወር ደስ ይለኛል። ስለ መንደሩ ግን እንዲህ በቀላሉ ደስ ማለት አልችልም፤ ተራራውን ለዘመናት ያረሰ ሰው ሄዶ መንገደኛው ቱሪስት ሲቀር፣ ነገ ጠባቂው ቢጠፋ ማን ይቀራል?

ሌላ መንገድ የለም ወይ ለሚል ሰው መልሱ በራሳችን አገር፣ በመንዝ ጓሳ ላይ አለ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የጓሳን ምድር አቋርጦ ያልፋል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከመኪናው መስኮት ይታያሉ። ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው «ቄሮ» የተባለው ሥርዐት ነው (ከቅርቡ የወጣቶች እንቅስቃሴ ስም ጋር እንዳይምታታ)። መንዜዎች የቤት ክዳን ሣር፣ ገመድና ማገዶ የሚያገኙበትን ይህን ምድር ለዓመታት ይዘጉታል፤ በመረጡት አለቃ ውሳኔ ለተወሰነ ጊዜ ይከፍቱታል፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቆየውን የርስት ሥርዐት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጐዳ። ሆኖም ነዋሪው ሥርዐቱን በአዲስ መልክ አቋቋመው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል። መንዜው ቀይ ቀበሮን ያዳነው ለቀበሮ ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የጠበቀው ጣሪያውን ነው። ከፕላንፓሌ ከብት ነጂና ከላቮ ወይን ተካይ ምኑ ይለያል?

እንግዲህ የጐደለን ዕውቀት ወይም ፍቅር አይደለም፤ በሕግ ፊት የሚቆም ሰው ነው። በወረቀት ላይ ያለውስ? የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከይዞታቸው ያለ መፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከርና አስተያየቱን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ በ2002 ወጣ። ነገር ግን መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት የ2005ቱ አዋጅ ቍጥር 455 ለባለይዞታው የተወለት አቤቱታ በካሣው መጠን ላይ ነበር፤ ይግባኙንም ለማሰማት መሬቱን አስቀድሞ ማስረከብ ነበረበት። በ2019 የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 በመውሰዱ ውሳኔ ላይ አቤት የሚባልበትን በር ከፍቷል፤ ይህ መሻሻል ነው። ሜዳው የብዙዎች የወል ግጦሽ ሲሆን ግን አቤት ባዩ ማን ሊሆን ነው? ስዊዞች በ1966 በአንቀጽ 12 የመለሱት ጥያቄ ይህ ነበር።

በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል በአጥር የታጠረ ነው። ለአሽከርካሪ ድኅንነት አስፈላጊ ነው፤ በዱከምና በሞጆ አካባቢ ላለ ገበሬ ግን እርሻውን ከቤቱ፣ ከብቱን ከውኃው የሚለይ ቅጥር ነው። ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ የሚካሄደው «የኮሪደር ልማት» ደግሞ በመንገድ ዳር ሣርና ዛፍ ተክሏል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል፤ ለዚሁም ፒያሳን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ተነሥተዋል። አረንጓዴው ለዓይን ያምራል። በላዩ ልጁን ያሳደገበት፣ ዕድሩን የመሠረተበት፣ ነገ ሌላ ባለሥልጣን መጥቶ በሕንፃ ልተካው ቢል «አይሆንም» የሚለው ጎረቤት ግን አብሮ ሄዷል።

ከአዳማ ወደ ምሥራቅ የሚቀጥል ፈጣን መንገድ ሲታቀድ ዓመታት ሆነዋል። ካርታውን ለሚያይ ሰው በመተሐራ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የፈንታሌ ተራራ፣ በሌላው የአዋሽ ወንዝ። በዚያ በር ውስጥ የቀድሞው ሐዲድ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ነባሩ አውራ ጎዳና፣ የሸንኮራው እርሻ፣ እየሰፋ የሄደው በሰቃ፣ ፓርኩና የከረዩ መንደሮች ተደራርበዋል። ተጨማሪ መሥመር ሲገባ አንዱ መልቀቅ አለበት። ሐዲዱ ባለቤት አለው፤ ሸንኮራው ባለቤት አለው፤ ፓርኩም ቢሆን ቢያንስ ስሙ የሰፈረበት አዋጅ አለው። ቀያሹ በኢላላ ሳላ ላይ ችካሉን ሲተክል ቀድሞ የሚያገኘው ግን ከብት የሚያግድ አንድ የከረዩ ልጅ ነው፤ እርሱም እስካሁን ፖስታ አልደረሰውም።